የመንዝን የሠርግ ዘፈን ፊልሜ ውስጥ ባስገባ ማን ይጠይቀኛል?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂው ወጣት ዳይሬክተር ነው። ትንሽ አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ ስምንት ክፍል ያለው የቴሌቪዥን ድራማ እየሠራሁ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው መንዝ ውስጥ ነው። ሠርግ አለው፣ ለቅሶ አለው፣ አጨዳ አለው። ዩቲዩብ ላይ አሪፍ አሪፍ የባህል ዘፈኖች አግኝቻለሁ። የሕዝብ ዘፈን ባለቤት የለውም ሲባል እሰማለሁ። እንዳለ ወስጄ ብጠቀምበት ችግር አለው? ካለውስ ኪቦርድ ላይ አሠርቼ ብተካው ይሻላል?»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ከፈለግህ ይኸው፦ ከዩቲዩብ አትውሰድ። ኪቦርዱንም ተወው። ማይክህን ይዘህ መንዝ ውጣ። ለምን እንደዚያ እንደምልህ ግን ዘርዘር አድርጌ ካልነገርኩህ፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የሚያዝ ሽማግሌ እመስልሃለሁ። ትውልዴ ሰሜን ሸዋ፣ ሞረት ነው። ኑሮዬ ደግሞ የፊልምና የቴሌቪዥን ድምፅ ነው። ከሁለቱም ወገን የተማርኩትን ልንገርህ።

«ባለቤት የለውም» የሚለው ነገር ግማሹ እውነት ነው። የሠርጉን ዜማ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። አያትህን ብትጠይቃት «ድሮም ነበረ» ነው የምትልህ። ያንን ዜማ አንተ ብታዜመው፣ ተዋናይህም ቢያዜመው ማንም አይከስህም። ነገር ግን ከዩቲዩብ የምታወርደው ዜማውን ብቻ አይደለም። የአንዲት ሴት ድምፅ አለበት። የአንድ ማሲንቆ መቺ እጅ አለበት። ገንዘቡን አውጥቶ ስቱዲዮ ያስገባቸው ሰው አለ። ዜማውን ቆርጦ፣ ቀጥሎ፣ ቤዝና ድራም ጨምሮ ያቀናበረም አለ። እነዚህ ሁሉ ስምና አድራሻ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

የእኛ አዋጅ ስሙ ራሱ ይህንን ይነግርሃል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል። በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። «ቅጅ» የሚለው የደራሲውን መብት ነው። «ተዛማጅ» የሚለው ደግሞ የዘፋኙን፣ የድምፅ ቀረጻ ያዘጋጀውን ሰውና የማሰራጫ ጣቢያውን ነው። ለደራሲ ጥበቃው ዕድሜውን ሙሉ ነው፤ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቀጥላል። ለዘፋኙና ለድምፅ ቀረጻው በደምሳሳው 50 ዓመት ነው። አሁን ሒሳቡን ሥራው። እኛ አገር ካሴት እንደ ልብ የሆነው ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ስለዚህ ሳሎናችሁ ካርቶን ውስጥ አቧራ የጠጣው ካሴት እንኳ አብዛኛው ገና ጊዜው አላለፈም። ትናንት ዩቲዩብ ላይ የተጫነውማ ምኑ ይነገራል።

ግጥሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የሕዝብ ዘፈን ሲባል ዜማውና መቀበያው የቆየ ነው። አውጪዋ የምትገጥመው ስንኝ ግን ብዙ ጊዜ የዚያን ቀን ነው። የሙሽራዋን አባት ስም ታስገባለች። ሚዜውን ትሸነቁጣለች። ወጡ ቀጥኖ ከሆነም አትምርም። ያ ስንኝ ተቀርጾ ሲቀመጥ የሴትዮዋ ድርሰት ነው። ፊደል አለመቁጠሯ ደራሲነቷን አይቀንሰውም።

በዚያ ላይ የሕዝብ ነው የተባለው ሁሉ የሕዝብ አይደለም። የደቡብ አፍሪካውን ሰሎሞን ሊንዳን ብዙ ሰው በስሙ አያውቀውም፤ ዘፈኑን ግን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። «ምቡቤ»ን እ.ኤ.አ. በ1939 ጆሃንስበርግ ላይ ቀረጸ። መብቱን በ10 ሺሊንግ አሳልፎ ሰጠ። ዘፈኑ አሜሪካ ሲደርስ «የአፍሪካ ባህላዊ ዜማ» ነው ተብሎ ታሰበ። አንበሳ የሚነግሥበት የ1994ቱ የዲዝኒ ፊልም ውስጥ ሳይቀር ገባ። ሊንዳ ግን በ1962 በድህነት ሞቷል። ቤተሰቡ በ2004 ክስ መሠረተ፤ በ2006 በስምምነት አለቀ። እኛም ዘንድ ከቴአትር ቤት መድረክ የወረደ፣ የታወቀ ገጣሚና ዜማ ደራሲ ያለው ዘፈን «የድሮ የባህል ነው» እየተባለ ሠርግ ቤት ሲዘፈን ስንቴ ሰምቻለሁ መሰለህ። ሕዝብ ሲወደው ባለቤቱ ይረሳል። መብቱ ግን አብሮ አይረሳም።

ተቃራኒውንም ልንገርህ፣ ነገሩ ሁሉ ክስ እንዳይመስልህ። አሜሪካውያኑ ዳይሬክተሮች የኮይን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት አንድ ፊልም አለ። ሲጀምር እስረኞች ድንጋይ እየፈለጡ ይታያሉ፤ ከሥር የሥራ ዘፈን ይሰማል። ድምፁ የተዋናይ አይደለም። ዘፈን ሰብሳቢው አለን ሎማክስ በ1959 ሚሲሲፒ ውስጥ ፓርችማን እስር ቤት የቀረጸው ነው። እንጨት እየፈለጡ የሚያወጣው እስረኛ ጄምስ ካርተር ይባላል፤ ሌሎቹ ይቀበሉታል። የፊልሙ የሙዚቃ አልበም በሚሊዮን ሲሸጥ የሎማክስን ቅርስ የያዙት ሰዎች ካርተርን ፍለጋ ወጡ። ቺካጎ ውስጥ፣ ከቀረጻው 40 ዓመት ካለፈ በኋላ አገኙት። መዝፈኑን እንኳ ረስቶታል። 20,000 ዶላር ቼክ ሰጡት። በ2002 አልበሙ ግራሚ ሲሸለም እሱም አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ይህ ሊሆን የቻለው ሎማክስ የዘፋኙን ስም ጽፎ ስላስቀመጠ ነው። በቃ። አንድ መስመር ጽሑፍ ነው ሰውዬውን ያስገኘው።

ሕጉ ይህን ያህል ይበቃዋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው ነው።

የእኛ አገር ዘፈን ሰዓት አለው። ቦታም አለው። ሆያ ሆዬ የነሐሴ ነው፤ የቡሄ ጅራፍ ከሌለበት ቅር ይላል። አበባ አየህ ወይ የእንቁጣጣሽ ነው፤ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይፈልጋል። ሠርግ በሁዳዴ አይደገስም፤ ወይ በጥር ነው ወይ ፋሲካ ካለፈ በኋላ። ሠርጉ ውስጥ እንኳ ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የሚዘፈነውና የወንዱ ቤት ስትደርስ የሚዘፈነው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ሆድ ያባባል። ሁለተኛው ያስጨፍራል። ኤዲተሩ የከተማ ልጅ ከሆነ ግን ሁለቱም «የሠርግ ዘፈን» የሚል አንድ ፎልደር ውስጥ ናቸው። ልጅቷ እናቷን አንቃ እያለቀሰች፣ ከሥር የመግቢያው ጭፈራ ሲደልቅ አይቻለሁ። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ያለች እናት ያንን ስታይ ሥቃ ቻናል ትቀይራለች።

አጨዳውንም አስብበት። መንዝ በበልግም ገብስ የሚያመርት አገር ነው። ስለዚህ አጨዳ ስትል ሁልጊዜ የኅዳር ጥርት ያለ ሰማይ ማለት አይደለም። ክረምት አፋፍ ላይ፣ ጉም ውስጥም ይታጨዳል። የደቦው ዘፈን ደግሞ ከማጭዱ ጋር ነው የሚሄደው። ሰዎቹ አጎንብሰው፣ እጃቸው እየሠራ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ነው የሚቀበሉት። ስቱዲዮ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተዘፈነ የደቦ ዘፈን ወዲያው ይታወቃል። ትንፋሹ ሙሉ ነው፤ ወገቡ አልጎበጠም።

ሰሜን ሸዋን አንድ ድምፅ አታድርገው። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተህ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርድ የሚቀየረው ብርዱ ብቻ አይደለም። ይፋት ቆላው ላይ ክርስቲያኑና እስላሙ ጎረቤት ነው፤ የመንዙማ አገር ነው። ምንጃር ጤፉና ሽምብራው፣ ብዙ ታቦታት በአንድነት የሚያድሩበት የኢራንቡቲ ጥምቀቱ አለ። መርሐቤቴ ሌላ፣ ቡልጋ ሌላ። ባና የደረበውን የመንዝ ገበሬ የጎንደር ትከሻ ብታስመታው ካሜራው ምንም አይልህም፤ ተመልካቹ ግን ይልሃል። መንዙማውንና የቤተ ክርስቲያን ዜማውን ደግሞ ከዘፈን ጋር አትደምራቸው። እሱ የሃይማኖት ነገር ነው፤ ባለቤቶቹን ሳትጠይቅ አትንካው።

አሁን ስለ ሙሾ። እዚህ ላይ እኔ ራሴ የተቃጠልኩበት ነገር አለ።

ከብዙ ዓመት በፊት ለአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ድምፅ እሠራ ነበር። የቀብር ትዕይንት ነበረው። ሙሾ አውራጅ ቀጥረን ሞከርን፤ አልሆነም። እውነተኛ ሬሳ ሳይኖር ሙሾ ማውረድ አያምርም ብላ በግማሽ ልብ ሠራችው። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ አንድ የቆየ ካሴት ነበረኝ። ዘመድ የሰጠኝ ነው፤ ከእውነተኛ ለቅሶ ላይ የተቀዳ። ድምፁ አጥንት ይሰብራል። የሟቹን ስም ቆርጬ አወጣሁና ከተዋናዩ ሬሳ ሥር አስገባሁት። ዳይሬክተሩ አቀፈኝ። እኔም በራሴ ኮራሁ።

ድራማው በተላለፈ በሁለተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለልኝ። አንድ ጎልማሳ ነው። ድምፁ ረጋ ያለ ነው፤ አልጮኸብኝም። እናቱ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው እያለ ብድግ ብለው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ አለኝ። ሙሾው የወንድማቸው ነው። ስሙን ባወጣም የፈረስ ስሙን አልቆረጥኩትም ነበር። እኛ አገር ጀግና በፈረሱ ስም እንደሚለቀስ እያወቅሁ፣ ጆሮዬ ዜማውን እንጂ ስሙን አልሰማውም። ሰውዬው ገንዘብ አልጠየቀኝም። «እናቴ የምትለው፣ ያ ሳጥን ውስጥ የተኛው ልጅ ማን ነው? በወንድሜ ሙሾ የሚያስለቅሱት ስለማን ነው?» ብቻ ነው ያለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቡና አፈሉልኝ፤ እሱ ደግሞ ከስድብ የባሰ ነበር። በድጋሚ ሲተላለፍ ሙሾውን አወጣነው። ትዕይንቱን በእርጥብ አፈርና በአካፋ ድምፅ ብቻ ተውነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ከበፊቱ የተሻለ ሆነ።

ስለዚህ ለለቅሶህ ከሰው ለቅሶ አትቅዳ። ሙሾ አውራጅ ካገኘህ የገጸ ባሕሪህን ታሪክ ንገራትና ለእሱ ታውርድለት። አልሆንልህ ካላት ግን አታስጨንቃት፤ ዝም በል። ዝምታም የድምፅ ሥራ ነው።

ፉከራንና ቀረርቶን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። ፈረስ በሮጠ ቁጥር፣ ሽጉጥ በተመዘዘ ቁጥር ከሥር ፉከራ አታስገባ። ሰለቸን። ፉከራ ሰው ፊት ቆሞ የሚደረግ ነገር ነው። ፎካሪ አለ፣ የሚሰማው አለ፣ «በለው!» የሚለው አለ። ከበስተጀርባ የሚንጠባጠብ ማጀቢያ አይደለም። ካስፈለገህ ገጸ ባሕሪህ ራሱ ይፎክር።

ወደ ኤዲቲንጉ ልምጣ። ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነው። የዘፈናችን ግጥም በሁለት ስንኝ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያው ስንኝ ቤት ለመምቻ፣ ሁለተኛው ለፍሬ ነገር። ልጇ አገር ጥሎ የሄደባትን እናት አስብና ይችን ስማ። አሁን ለምሳሌ የገጠምኳት ናት፦

የጓሳ ላይ ብርዱ እንዲህ ከከረረ፣
ምን ለብሶ ይሆን ወይ ልጄ ውጭ ያደረ።

ኤዲተሩ ትዕይንቱ ረዘመበትና «ከከረረ» ላይ ቆረጠው እንበል። ተመልካቹ የሰማው የአየር ትንበያ ነው። እናትየዋ ሁለተኛው ስንኝ ውስጥ ናት። ስለዚህ ስትቆርጥ ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ፣ መቀበያው ሲገባ ቁረጥ። ሥዕሉንም አብረህ አስበው፤ የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ገደሉንና ጉሙን አሳይ፣ ሁለተኛው ላይ ፊቷ ላይ ና።

ሌላው የፍጥነቱ ነገር ነው። የሠርግ ጭፈራ ሲጀምር ቀስ ብሎ ነው፤ ከበሮው እየጋለ ሲሄድ ይፈጥናል። ማንም ሜትሮኖም፣ ማለት ምት መቁጠሪያ፣ አልያዘም። ስለዚህ ከሦስተኛው ደቂቃ የወሰድከውን ከዘጠነኛው ጋር ብትቀጥለው ይሰነጠቃል። ሙሉ ዘፈኑን ሳታቋርጥ አንዴ ቅረጽና ትዕይንቱን በእሱ ላይ ገንባ። ካሜራው ለዘፈኑ ይገዛ እንጂ ዘፈኑ ለካሜራው አይገዛ።

ኪቦርዱን ለምን እንደምጠላው ደግሞ ጠይቀኸኛል። ምቀኝነት አይደለም። ማሲንቆ አንድ አውታር ናት፤ ጣቱ የፈለገበት ይቆማል። ቅኝታችን፣ ትዝታም ሆነ አንቺሆዬ፣ በአምስት ድምፅ ነው የሚሄደው፤ የእነዚያ ድምፆች ርቀት ግን የፒያኖ ቁልፎች ካሉበት ቦታ ጋር ልክ አይገጥምም። ኪቦርድ ላይ ሲጫወቱት ሻካራው ይላጣል። ዜማው ይኖራል፤ አገሩ ግን ይጠፋል። የኪቦርድ ዋሽንት በሰማሁ ቁጥር የሆቴል ሊፍት ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል። ታሪክህ ከተማ ውስጥ፣ ዘመናዊ ሠርግ አዳራሽ ውስጥ ከሆነ ኪቦርዱ ልክ ነው፤ እዚያ የሚዘፈነው እሱ ነውና። ተራራ ላይ ላለ የድንጋይ ቤት ግን አይሆንም።

እንግዲህ ውጣ ያልኩህ ለዚህ ነው። ሁለት ማይክ ይበቃሃል። አንዱን ለአውጪዋ፣ አንዱን ለተቀባዮቹ። ከበሮውን ማይኩ አጠገብ አታድርገው፤ ሁሉንም ይውጠዋል። የመንዝ ነፋስ ቀልድ አያውቅም፤ ጸጉራሙን የማይክ ልብስ ሳትይዝ አትሂድ። ትርፍ ባትሪም ያዝ፣ ብርዱ ይጨርሰዋል፤ በደረትህ ኪስ ካደረግከው ይቆያል። ዘፈኑ ሲያልቅ ማንም ሳያወራ አንድ ሁለት ደቂቃ የቤቱን ጸጥታ ቅረጽ። ኤዲት ስታደርግ ክፍተቱን የምትሞላበት እሱ ነው። እልልታውንና ጭብጨባውንም ለብቻቸው አስደግማቸው።

ውሉን ከቀረጻው በፊት ጨርስ። ሲሞቅ ግንባር ላይ የተለጠፈ ብር ሽልማት ነው እንጂ ውል አይደለም። ወረቀቱ ላይ የድራማውን ስም፣ የትና የት እንደሚታይ ጻፍ፦ ቴሌቪዥን፣ ዩቲዩብ፣ ፌስቲቫል፣ ማስታወቂያው። ክፍያውን ጻፍ። ስማቸው መጨረሻው ላይ እንዴት እንደሚወጣ ራሳቸውን ጠይቅ፤ አንዳንዷ በአባቷ ስም ሳይሆን ሰፈሩ በሚያውቃት ስም ነው መጠራት የምትፈልገው። ማንበብ የማይችል ካለ በሚያምነው ሰው ፊት ጮክ ብለህ አንብብለት፣ እሺ ማለቱንም በድምፅ ቅረጽ። ተቀባዮቹን አትርሳቸው። ሁሉም ሰው ለአውጪዋ ከፍሎ አሥራ አምስቱን ሴቶች በጠላ ያሰናብታል። ነውር ነው።

ይህ ወረቀት ኋላ ላይ ለራስህም ይጠቅምሃል። ድራማው ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ኮንቴንት አይዲ የሚባለው ማሽን ዜማህን ሌላ ሰው ካስመዘገበው የባህል ዘፈን ጋር ሊያመሳስለው ይችላል። ማሽኑ የሕዝብ ዜማ ምን እንደሆነ አያውቅም። ያኔ የቀረጻው ዋና ፋይል፣ ቀኑና ውሉ በእጅህ ካለ ትከራከራለህ። ከሌለ የማስታወቂያው ገቢ ለሌላ ሰው ሲሄድ ቁጭ ብለህ ታያለህ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ስትሄድ አውጪዋ መጀመሪያ የምትጠይቅህ ስለ ማይክ ወይም ስለ ገንዘብ አይደለም። «ሙሽራዋ የማን ልጅ ናት? ከየት ናት? እናቷ በሕይወት አለች?» ነው የምትልህ። ያለዚያ ስንኝ አይመጣላትም። ብዙ ዳይሬክተር እዚህ ጥያቄ ላይ ሲንተባተብ አይቻለሁ፤ ስክሪፕቱ ላይ ሙሽራዋ «ሙሽራ» ብቻ ናትና። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ሳትነሣ የልጅቷን አባት ስምና ቀበሌ ጻፍ።